የተንሳፈፈው ሰም

ልጄ የኬሚስትሪ ክበብ ውስጥ የገባችው እኔን ሳትጠይቅ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። አንድ አርብ ከትምህርት ቤት ዘግይታ መጣች።

«የት ቆየሽ?» አልኳት።

«ጨው ስንመረምር።»

«ጨው ደግሞ ምን ሆነ?»

«አዮዲን አለው ወይ ብለን ነው። የእኛ ቤቱ የለውም፣ እማ። ሌላ እንገዛለን።»

ስንት ዓመት ያበሰልኩበትን ጨው በአንድ ከሰዓት ነቅፋ ገባች። ሌላ ጨው ገዛን።

ክበቡን ያቋቋመው የኬሚስትሪ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ሰፊ ነው ይላሉ፤ እኛ ላሊበላ ያለው ቅርንጫፍ ግን ከስምንት ሰው አይበልጥም። የሁለተኛ ደረጃው የኬሚስትሪ መምህር ይመሩታል። ከጤና ጣቢያ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ አለች። የቀሩት ከየትምህርት ቤቱ የመጡ አስተማሪዎች ናቸው። ቢሮ የላቸውም። ዕቃቸው ሁሉ በሁለት የዘይት ካርቶን ይገባል። አርብ አርብ ተማሪዎቹን ይሰበስባሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ በየቀበሌው እየዞሩ እናቶችን ያስተምራሉ።

እኔም ቀበሌ ላይ አንድ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ላቦራቶሪ የምትሠራዋ ልጅ፣ የነቀዝ መድኃኒት ክኒን ከምንተኛበት ክፍል እንድናወጣ ለመነችን። አላዘዘችንም፤ ለመነችን። በእኛ አገር እህሉም ሰዉም አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድረው። በረኪና በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል አለች። አንዲት ባልቴት፣ «ታዲያ በምን እናስቀምጠው፣ በዋንጫ?» ብትል ሁላችን ሳቅን። ልጅቱም ሳቀችና መልሳ ለመነችን። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ክኒኑን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት። ስለዚህ ብቻ እንኳ እነዚህን ሰዎች እመርቃቸዋለሁ።

ሥራዬ ጧፍ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጄን ያሳደግኋት በዚሁ ነው። ጥጡን እፈትላለሁ። ሰሙን በብረት ድስት አቀልጣለሁ። ፈትሉን በቀለጠው ሰም ውስጥ አሳልፈዋለሁ፤ ሳይደርቅ በእንጨት ገበታ ላይ እያንከባለልኩ በመዳፌ አለሰልሰዋለሁ። መዳፌ ከሰም የተነሣ ስንጥቅ አያውቅም። ግማሹን ለተሳላሚ እሸጣለሁ። ግማሹ የስለት ነው።

ስለቱ እንዲህ ነው። መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ ልጄ ታመመች። መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ነበሩ። ትኩሳቱ ሲበረታባት ስሜን እንኳ አታውቀውም ነበር። እመቤቴን ለመንኳት። ልጄን ካተረፍሽልኝ በየወሩ በሃያ አንድ ከንጹሕ ሰም የተሠራ ጧፍ አገባለሁ አልኩ። ንጹሕ የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ልጄ ዳነች። ከዚያ ወር ጀምሮ አጓድዬ አላውቅም።

ሰሙን የሚያመጡልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ከብልባላ አለፍ ብሎ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ነው። ማሩን ቆርጠው፣ ማሩ የወጣለትን የንብ ቂጣ በጆንያ አፍነው ቀቅለው፣ የወጣውን ሰም በገበቴ አርግተው እንደ ዳቦ ድፍን አድርገው ነው የሚያመጡት። ነገር አያበዙም፤ እኔም አላበዛም። ስለዚህ ተስማምተን ኖርን። በዚያ በልጄ ሕመም ወራት አንድ ቀን በእግራቸው መጥተው ነጭ ማር በትንሽ ጠርሙስ ሰጡኝ። «ለልጅቷ» አሉ። ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ሌላም ሰም ነበረኝ፤ ግን እሱን ሰም ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። የደብራችን ገበዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያት የሚጠብቁት ካህን ማለት ነው፣ በታቦቱ ፊት ነዶ የተረፈውን ቁራጭ በከረጢት ሰብስበው ይሰጡኛል። ለጸሎት የበራ መብራት ተራፊው መሬት አይጣልም፤ እግር አይረግጠውም። እናቴም እንዲሁ ትቀበል ነበር። የቀረውን ክር ለቅሜ አወጣለሁ፤ ቁራጩን ከአዲሱ ሰም ጋር ድስት ውስጥ እጨምረዋለሁ። በረከት እንጂ ሌላ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ ማኅበሩ ወላጆችን ጠራ። ከቤታችሁ የምትጠራጠሩትን አምጡ፣ ልጆቻችሁ ይመርምሩላችሁ ተባልን። አርብ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ ሦስት ጠረጴዛ ተደርድሮ ጠበቀን። በአንዱ ጨው ይመረመራል፤ በአንዱ በርበሬ። አንዲት እናት ያመጣችው በርበሬ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ሲገባ ቀዩ ነገር ከሥር ተኛ። የተፈጨ ጡብ ነው ተባለ። ሴትዮዋ ብርጭቆውን አንሥታ ትክ ብላ አየችው።

«ልጆቼ የጠነከሩት ለካ በዚህ ነው» አለች።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ልጄ ቆማ ነበር። ፊት ለፊቷ ረጅም ብርጭቆ አለ። ከጎኑ ጠርሙስ።

አንድ አባት ጠጋ ብለው አሸተቱት። «መምህር፣ ይህ አረቄ ነው እንዴ?»

«ዳገም አረቄ ነው።»

«በትምህርት ቤት ግቢ?»

«ለሰም መመርመሪያ ነው።»

«እንግዲያስ እኔም ሰም ነኝ፤ ይመርምሩኝ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አረቄው ከልጄ እጅ አጠገብ መሆኑ አልተመቸኝም። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው አስረዱ። ሰም ሁሉ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አረቄ ግን ከውሃ ይቀላል። አረቄና ውሃ በልክ ሲቀላቀሉ የንብ ሰም ይሰምጣል፤ ከነዳጅ የሚወጣው የሻማ ሰም ይንሳፈፋል። ልኩን ያገኙት ከቂጣው ሲወጣ በዓይናቸው ባዩት ሰም ነው። እሱን አስገብተው አሳዩን፤ ቀስ ብሎ ወርዶ ከሥር ተቀመጠ። የሱቅ ሻማ አስገቡ፤ ላይ ቀረ። ለሚያይ ሰው ቀላል ነገር ነው።

ልጄ ከእኔ መሥሪያ ያመጣችውን ቁራሽ አስገባች። ኮርታ ነበር። «ይህ የእናቴ ነው» አለች ለሰዉ።

ቁራሿ ጥቂት ወርዳ ተመለሰች። ላይ ቆመች።

«ድገሚው» አሉ መምህሩ።

ሌላ ቁራሽ አስገባች። እሷም ወጣች።

መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የንብ ሰም ብቻ አይደለም። ሌላ ነገር ገብቶበታል።»

ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም። ሰዉ ሁሉ ጧፍ ሻጭ መሆኔን ያውቃል። ስለቴንም ያውቃል። ደጀ ሰላም አጠገቤ ተቀምጣ ጧፍ የምትሸጥ ሴት ከጎኔ ቆማ ነበር።

«ከማን ነው የምትገዢው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ጥቂት ብታገሥ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ፊቴ ጋለ። ነውሩን የምሰጠው ሰው ፈለግሁ። የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው ጠራሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ አንድ ጊዜ ያለ አግባብ ጠርቼዋለሁ፣ ይበቃል።

«ይቆዩ እናቴ፣ ገና ነው» ብለው ነበር መምህሩ። እኔ ግን ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ የላሊበላ ገበያ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው ሰማቸውን በጆንያ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ማንም አይጠጋቸውም። ያች የደጀ ሰላም ጎረቤቴ በፊታቸው ስታልፍ ቆም አለች።

«አባባ፣ ዘንድሮ ንቦችዎ ሻማ ቀሰሙ አሉ?»

ቀልድ መሰላቸው። ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። በዙሪያው የነበሩትም ሳቁ። እኔ ከበርበሬ ተራ ሆኜ አየኋቸው። ሰላምታ ሳልሰጥ በሌላ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ሳቃቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ማክሰኞ ሽማግሌው ደጄ ድረስ መጡ። ነገሩን ያኔ ሰምተውታል። አህያቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን አገኘሽበት?»

«ያገኙት መምህሮቹ ናቸው፣ አባባ።»

«ምን አገኙ?»

«ሻማ።»

«እኔ ቤት ሻማ የለም» አሉ። «የምናበራው በባትሪ ነው።»

ይግቡ አላልኳቸውም። በላስታ ደጅ የቆመን ሽማግሌ ይግቡ አለማለት ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። የጫኑትን ሰም አልፈልግም አልኩ። አህያዋን አዙረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ አለፈ፤ ገበያ አልወጡም።

ልጄም ከእኔ ጋር መነጋገር ቀንሳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አርብ ከሰዓት በደብተሮቿ መካከል ጠርሙስ ሸጉጣ ገባች። ክዳኑን ስትከፍተው ሸተተኝ።

«አረቄ ይዘሽ ነው በመንገድ የመጣሽው?»

«ለሰም ነው፣ እማ። መምህር ራሳቸው ቀላቅለው ነው የሰጡኝ።»

«ያየሽ ሰው ለሰም ነው ብሎ አይገምትም።»

«ማንም አላየኝም።» ብርጭቆ አነሣች። «ያን ቀን የወሰድኩት ከድስቱ ጠርዝ ላይ የረጋውን ነበር። ሽማግሌው ያመጡት ድፍኑ ቀርቶልሻል?»

ማዕዘን ላይ ነበረ። ከጥምቀት በፊት ያመጡት ነው፤ ገና ድስት አልገባም። በቢላዋ ከመሐሉ ቆርጣ አስገባችው። ወረደ። ከሌላው ድፍን ቆረጠች። እሱም ወረደ። ከዚያ ከድስቴ ጠርዝ ፋቀች። ተንሳፈፈ።

ብርጭቆውን ወደ እኔ አስጠጋችው።

«እማ፣ ድስቱ ውስጥ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልጨምርም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ቁራጭ ብቻ።»

ይህን ስናገር የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ልጄ አንገቷን ደፋች። ልታሳፍረኝ አልፈለገችም፤ ይህን እግዚአብሔር ይቁጠርላት።

ከረጢቱን አውርጄ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፌ ዘረገፍኩት። አንድ ላይ ተቀምጠን ለየነው። ቢጫው፣ ቀጭኑ፣ ሲነኩት እጅ የሚቀባው የጧፍ ቁራጭ ነው። ነጩ፣ ወፍራሙ፣ ሲቆርጡት የሚፈረካከሰው የሱቅ ሻማ ነው። ነጩ ይበልጥ ነበር። ተሳላሚ ሁሉ ጧፍ አይገዛም፤ ከሱቅ ሻማ ገዝቶ የሚያበራ ብዙ ነው። ይህን በየቀኑ ደጀ ሰላም ተቀምጬ አያለሁ። አይቼ ግን ከድስቴ ጋር አላገናኘሁትም። በታቦት ፊት ከበራ በኋላ ለእኔ ሁሉም አንድ ነበረ።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ ቄስ ናቸው። ሁሉን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ያስጨነቀኝን አስቀድሜ፣ ስለ ስለቱ ጠየቅኳቸው። ስንት ወር ሙሉ ንጹሕ ብዬ ንጹሕ ያልሆነ አገባሁ አልኩ።

«ቁራጩን የሰጠንሽ እኛው ነን» አሉ። «ለእመቤታችን ያገባሽውን እሷ በልብሽ መጠን ተቀብላዋለች። ለይተሽ ከዛሬ ጀምሪ። ስለዚህ አታልቅሺ።»

እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

«ሰውዬውስ?» አሉኝ።

«ስማቸውን አጠፋሁ፣ አባቴ።»

«እኔ ዘንድ የመጣሽው ስለ ጧፉ ነው። ስለ ሰውዬው እሳቸው ዘንድ ነው የምትሄጂው። ቀኖናሽ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ወደ እኔ አትምጪ።»

መስቀል አሳልመው ሰደዱኝ።

ልጄ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። «ብርጭቆው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ» ነው ያለችው። እስከ ብልባላ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። የሽማግሌው አጥር ዘንድ ደረስን። በአባቶቻችን ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፤ የተበደለው እስኪያወርድለት። ከበሩ አጠገብ አንድ ድንጋይ አንሥቼ በማጅራቴ ተሸከምኩና ቆምኩ። ልጄ ከኋላዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

ባለቤታቸው ወጡ። እኔን አላወቁኝም። «ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉ። ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ። «ቀፎዎቹን ለወንድሜ ልጅ ልስጥ ብሏል። ከእንግዲህ ንብ አልጠብቅም ብሏል። ካባቱ የወረሰው ሥራ ነው።»

ሽማግሌው ከጓሮ መጡ። ድንጋዩንም እኔንም አዩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ድስቱን፣ ቁራጩን፣ ስማቸውን የጠራሁበትን አርብ፣ በገበያ አይቻቸው የዞርኩበትን ቅዳሜ፣ ይግቡ ያላልኩበትን ማክሰኞ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወደ ልጄ ዞሩ።

«ታማ የነበረችው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ማሩን በላሽው?»

«በላሁት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ድንጋዩን አገላብጠው አዩት። «ከአጥሬ ነው የነቀልሽው። በይ ቦታው መልሺው።»

መለስኩት። ባለቤታቸው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። አስገቡን፤ ጠላ ሰጡን፤ የገብስ ዳቦ ቆረሱልን። በአንድ ጥግ የሰሙ ድፍን አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ አቧራ ለብሷል። አየሁት፤ እንጀራቸው ነው።

ስንነሣ ሽማግሌው እስከ በር ሸኙን።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ገበያው ግን እኔ ቤት አልመጣም፤ አሁን ያልሽውን አልሰማም። ስትናገሪ ሰው ነበረ?»

«ነበረ፣ አባባ።»

«እንግዲያ ሰው ባለበት መልሺልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ከመምህሩ ዘንድ ነበርኩ። ሳስረዳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አሉ። «ሰሙ ከየት እንደተወሰደ፣ ምን እንዳገኘው ሳልጠይቅ ተናገርኩ። ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህን ነበር።»

«እርስዎ ይቆዩ ብለውኝ ነበር።»

«ይቆዩ ማለት አይበቃም ነበር። ከቤትዎ ድረስ መምጣት ነበረብኝ።»

የማኅበሩን አባላት ሰብስበው ተማከሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠረጴዛቸውን ትምህርት ቤት ሳይሆን ገበያው ውስጥ አቆሙት፣ ሰም ከሚሸጥበት አጠገብ። ላቦራቶሪ የምትሠራዋ ልጅ ብርጭቆዎቹን አጠበች። ተማሪዎቹ ቆሙ። ሽማግሌው መጡ፤ ግን ጠረጴዛው ዘንድ አልቀረቡም። ከአህያቸው ጋር ራቅ ብለው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆሙ።

ሰው ተሰበሰበ። አረቄ ባለበት ሰው አይጠፋም። መምህሩ ስለ ሰም ያን ቀን ያሉትን ደገሙ። ከዚያ፣ «ባለፈው የተናገርኩት ጎደሎ ነበር። ሰሙን ያየሁት ከድስት ወጥቶ ነው፤ ከሻጩ እጅ አላየሁትም» አሉ። ተማሪዎቻቸው ሲሰሟቸው ነው ይህን ያሉት። እንዲህ የሚል አስተማሪ ለልጄ ስለሰጣት አምላኬን አመሰገንኩ።

የሽማግሌውን ሰም እኔው አስገባሁት። ሰመጠ። የድስቴንም እኔው አስገባሁት። ተንሳፈፈ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፤ ጠፋኝ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

«ሻማውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ቁራጭ እየቀላቀልኩ ነው፤ ሳላውቅ ነው። እሳቸው ንጹሕ ናቸው። ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ታዲያ እስካሁን ያበራነው ሻማ ነው ማለት ነው?» አለ።

«ከእኔ የገዛችሁት ግማሹ ሻማ ነው» አልኩ። «ይቅር በሉኝ።»

አንዳንዱ እያጉረመረመ ሄደ። አንዲት ሴት ከመቀነቷ የእኔን ጧፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። እውነቷን ነው። ያች ጎረቤቴ ግን በሰዉ መካከል አልፋ ሽማግሌው ዘንድ ሄደች። ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ንቦችዎን ሰድቤብዎታለሁ።»

«ለእነሱ ንገሪያቸው» አሉ። «እኔን ያልሽኝ ነገር የለም።»

ጆንያቸውን አንጥፈው ሰማቸውን ዘረጉ። በዚያን ዕለት የገዟቸው አንድ ዲያቆንና ጎረቤቴ ብቻ ናቸው። የቀረውን መልሰው ጫኑ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ፤ ያን ጊዜ ገዢው ጥቂት በዛ። ቀፎዎቹን ለማንም አልሰጡም። ይህን ባለቤታቸው ናቸው የነገሩኝ።

ገበዙ አሁን ነጩንና ቢጫውን ለይተው በሁለት ከረጢት ይሰጡኛል። ነጩን ለብቻው አቅልጬ ሻማ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ኅብስቱ ለሚጋገርበት ቤተልሔምና ለዕቃ ቤቱ ይበራል። ማኅበሩም ነገሩን በየትምህርት ቤቱ ያስተምርበታል፤ ስሜን ሳያነሣ። ቢያነሣውም አልከፋም።

ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ኬሚስትሪ ነው የመረጠችው። ይህንንም ሳትጠይቀኝ ነው።

ባለፈው ወር ከፍላቂት የመጣች አንዲት ነጋዴ ደጀ ሰላም አጠገቤ አረፈች። ጧፌን አገላብጣ አየች፤ ሰሙን ከየት እንደማመጣ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«እሱ ሰውዬ ሻማ ይቀላቅላል ይባላል» አለችኝ።

ወሬው ፍላቂት ደርሷል። ማስተካከያው ግን አልደረሰም። ስንት ቦታ እንዲሁ እንደሄደ አላውቅም።

«ተቀመጪ» አልኳት።

ጧፉን አስቀምጣ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።